ቡሬን ሸጥነው

እቴቴ አንዴ ሚስኮል ካደረጉ "ደውልልኝ" ማለታቸው ነው። ሁለቴ ከሆነ "ቶሎ ደውልልኝ" ነው። ሦስቴ ከሆነ ግን ተቀምጬ አልደውልም፤ ተነሥቼ፣ ጫማዬን አጥልቄ፣ ግድግዳ ተደግፌ ነው የምደውለው። በአንድ የግንቦት ምሽት ስልኬ ሦስት ጊዜ ጭርር እያለ ዝም አለ። ተነሣሁ።

ሰላምታው አራት ደቂቃ ፈጀ። እንዴት ባጀህ፣ እንዴት ባጁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ኧረ ለመሆኑ እንዴት ባጀህ። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ያደገ ሰው በሰላምታ አይቸኩልም፤ የቸኮለ እንደሆነ ክፉ ወሬ ይዟል ማለት ነው። እቴቴም ሳይቸኩሉ ጨርሰው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ፣

"ቡሬን ሸጥነው" አሉ።

"ምን አሉኝ?"

"ሸጥነው። ምን እናድርግ ልጄ፣ ጊዜው እንዲህ ሆነ።"

መስመሩ ተቆረጠ። መልሼ ብደውል የለም። ሃያ ጊዜ ብደውል የለም። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ወሬውን ከመሐል ቆርጦ ሄዷል።

አሁን ነገሩን ልብ በሉልኝ። ቡሬ ከተማ ላይ አባታችን ትተውልን የሞቱት ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት አለች። ኪራይዋን የሚሰበስቡልን የአባታችን እህት፣ እኚሁ እቴቴ ናቸው። እኛ አራት ነን፤ ብንካፈላት ለእያንዳንዳችን የምትደርሰን ግማሽ ክፍል ናት። ለእኔ መስኮት ያለበት ግማሽ ይድረሰኝ አይድረሰኝ እንኳን አልታወቀም። ግን ቤት ቤት ነው፤ የአባት ሲሆን ደግሞ የባሰ ቤት ነው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለወንድሞቼና ለእህቴ ደወልኩ። በአራት ሰዓት እህቴ አለቀሰች። በአራት ተኩል ታናሽ ወንድሜ አንድ የሚያውቀውን ጠበቃ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰ። ጠበቃው "ለመሆኑ ሴትዮዋ ራሳቸው ምን አሉ?" ብሎ ጠየቀ። "ቡሬን ሸጥነው አሉ" ተባለ። "በቃ፣ አምነዋል" አለና ተመልሶ ተኛ። አማቴ ግን ነገሩን ከድሮም ጀምረው ይጠረጥሩት ነበር። እንዴት ጠረጠሩ ብትሉ፣ እቴቴ በሠርጌ ጊዜ "ቤት ለእንግዳ ነው" ብለው ነበር አሉ። እኩለ ሌሊት ላይ የእቴቴ ጥፋት ተረጋግጦ፣ ፍርዱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ተገኘሁ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ባሕር ዳር! አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል። ሮጬ ገባሁ። ያ የሚጠበቀው አንድ ሰው እኔ መስሎኝ ነበር። ውስጥ ሰባት ሰው ተቀምጧል፤ ሰባቱም "አንድ ሰው" ሲባሉ ሮጠው የገቡ ናቸው። ከእኔ በኋላም ብዙ አንድ ሰዎች ገቡ። መኪናው የተነሣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

ረዳቱ ዋሸን? እኔ ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ አልዋሸም። "አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን" አላለም። "አንድ ሰው" ነው ያለ፤ እያንዳንዳችን ደግሞ አንድ አንድ ሰው ነን። "ብቻ" እና "የቀረን" የሚሉትን ቃላት የጨመርኳቸው እኔ ነኝ፣ በገዛ ጆሮዬ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፖል ግራይስ በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመው ጽሑፉ ሰው ሲነጋገር የሚተማመንበት ደንብ አለ ይላል፦ ከሚያስፈልገው አትጨምር፣ አታጉድል፣ እውነቱን ተናገር፣ ከጉዳዩ አትውጣ፣ ግልጽ ሁን። ሰሚ ያልተነገረውን የሚሞላው ተናጋሪው ይህን ደንብ ያከብራል ብሎ በማመን ነው ይላል። ደግ ሰው መሆን አለበት። የእኛ መናኸሪያ አልደረሰም እንጂ!

ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነበረን። "ተናጋሪ ኢምፕላይ ያደርጋል፣ ሰሚ ኢንፈር ያደርጋል። ሁለቱን ያምታታ አምስት ማርክ ይቀነስበታል" ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ወደ አማርኛ መልሱት ሲለን ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ የማንኩሳ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ፣

"አንዱ ነገር ይወረውራል፣ አንዱ ይቀልባል" አለ።

መምህሩ ደስ አለው። ሊፈትነው ፈልጎ "ያልተወረወረውን የሚቀልብስ?" አለው።

"እሱማ ነገር ፈላጊ ነው።"

ያን ቀን ሁላችንም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤ ነበር፣ ለወደፊት ስሜ።

ዓባይ በረሃን ስንወርድ፣ መኪናውም እኔም ፍሬን ይዘን ሳለ፣ ጥፋቱን ከእቴቴ ላይ አንሥቼ ለትንሽ ጊዜ አማርኛ ላይ ጣልኩት። "ማለት" የሚለውን ግስ እስቲ ተመልከቱት። "ምን አለ?" ስንል ከአፍ የወጣውን እንጠይቃለን። "ምን ማለቱ ነው?" ስንል ከአፍ ያልወጣውን እንጠይቃለን። አንድ ግስ የአፍንም የልብንም ሥራ ደርቦ ይዟል። ስለዚህ ጠብ ሲነሣ አንዱ "ብለሃል" ይላል፣ ሌላው "አላልኩም" ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ ስለ ልብ፣ ሌላው ስለ አፍ ነው የሚያወራው። ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌውም "እሱ ያን ሲል ያን ማለቱ አይደለም" ብሎ ያስታርቃል፤ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚረዳ ሕዝብ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን ሞልቷል።

ይባስ ብሎ አማርኛ ዝምታን እንኳን ንግግር አድርጎታል። በእኛ አገር ሰው ዝም አይሆንም፤ ዝም ይላል። ብቅ ይላል፣ ቀስ ይላል፣ ደከም ይላል፣ ከፋ ይላል። ሰው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስንቱን ሲል ይውላል! መስማትም ያው ነው። ጆሮ ድምፅ ይሰማል። "አማርኛ ይሰማል ወይ?" ስንል ግን ይገባዋል ወይ ማለታችን ነው። ረሃብም ይሰማናል፣ ብርድም ይሰማናል። ስለዚህ "ሰምቻለሁ" የሚል ሰው ጆሮው የሰማውን ይሁን ሆዱ የሰማውን ሳይለይ ነው ምስክርነት የሚሰጠው። እኔ እንግዲህ "ቡሬን ሸጥነው" የሚለውን የሰማሁት በሆዴ ነበር።

ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ጅጋን አልፈን ፍኖተ ሰላም ደረስን። ይህች ከተማ ድሮ ውጀት ነበር ስሟ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በዚህ አለፉና "ፍኖተ ሰላም" አሏት፤ የሰላም መንገድ። ንጉሡ "በሰላም አለፍኩ" ማለታቸው ይሁን፣ "ከእንግዲህ ሰላም ይሁንላችሁ" ማለታቸው፣ ወይስ ውጀት የሚለው ስም አልጥም ብሏቸው፣ ከተማይቱ እስከ ዛሬ እንደየጊዜው ትፈታዋለች። እኛ በስልክ "መንገዱ እንዴት ነው?" ብለን እንጠይቃለን፤ ከዚያ በኩል "ይመስገን" ይሉናል። "ይመስገን" በረጅሙ ከተባለ ና ማለት ነው። በአጭሩ ከተባለ ቆይ ማለት ነው። "ይመስገን" ተብሎ ወሬው ወደ ዝናብ ከዞረ ደግሞ ሻንጣውን መልሰው አልጋ ሥር ይከቱታል።

ፍኖተ ሰላም ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ እቴቴ የሚኖሩት ከዚያ በእግር ከሚገባበት ቀበሌ ነው። አልወረድኩም። "መጀመሪያ ቤቷን በዓይኔ ልይ" አልኩና ተቀመጥኩ። እቴቴን አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ የሚያልቀውን ነገር በራሴ ምርመራ ልጨርሰው ቆርጫለሁ።

ማንኩሳን ስናልፍ የዚያ ልጅ መልስ ትዝ አለኝ። ማንኩሳ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የበዛብህ ትውልድ አገር ናት። እኔን በዚያ መጽሐፍ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ጉዱ ካሣ ነው። ሁሉም ሰው በጎን የሚያውቀውን፣ በጥቅሻ የሚያወራውን፣ ሰውየው ፊት ለፊት አውጥቶ ይናገራል። ለዚህ የሰጡት ማዕረግ "ጉዱ" ነው። አያችሁ? በእኛ ዘንድ በሽሙጥ የተናገረ ዐዋቂ ነው፣ በቀጥታ የተናገረ እብድ ነው። እቴቴ ደግሞ ጤነኛ ሴት ናቸው።

ቡሬ ደረስኩ። ቤቷ ቆማለች! ቆርቆሮዋ ያው የዛገ፣ በሯ ያው የዘመመ። ተከራዩ ልብስ ሰፊ ነው፤ መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሱሪ ያጠብባል። ሰላም አልኩት። ምን ልበለው? "ቤታችን ተሽጣ እንደሆነ ላጣራ መጣሁ" አይባል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ቤቷን ዞርኳት። ማዕዘኗን በእርምጃ ለካሁ፤ ለምን እንደለካሁ አላውቅም፣ እጄን ከኋላ ሳጣምር እግሬ ራሱ መለካት ጀመረ። ግድግዳውን መታ መታ አደረግሁና "ደህና ናት" አልኩ። ለራሴ ነበር።

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ።

ቡና ተፈላ። አቦሉ ሳይወርድ አንድ ደላላ መጣ፣ ድንገት በዚያ ሲያልፍ። ቶናው ላይ ሁለተኛው መጣ፣ እሱም ድንገት። በረካው ላይ ሦስተኛው ደረሰና እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። "ጌታው፣ ለሌላ ሰው እንዳያሳይዋት፤ ገዥ አለኝ" አለኝ። "እኔ አልሸጥም" ብለው ሳቀ። "ገባኝ፣ ገባኝ፣ ይህ ዋጋ ማስወደጃ ነው" አለኝና ሰው ሊያመጣ ሄደ። ልብስ ሰፊው በበኩሉ ሚስቱን ልኮ ሌላ ኪራይ ቤት እያስፈለገ ነው። እኔ ቤቷ ተሽጣለች ብዬ መጣሁ፤ ከሰዓት በኋላ ቤቷ እንደምትሸጥ የማያውቅ ቡሬ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ቡሬ በግምት ስትታመስ ግን ያ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ላይ ኮሎኔል ናታሌ የሚባል የጣሊያን አዛዥ ብዙ ሺህ ጦር ይዞ ቡሬ ላይ መሽጎ ነበር። ከሱዳን በኩል የመጣበት የኦርድ ዊንጌት ጦር ሱዳናዊውም ኢትዮጵያዊውም ተደምሮ ሁለት ሺህ እንኳን አይሞላም። የጦሩ ስም ጌዴዎን ነው። ናታሌ መጽሐፈ መሳፍንትን አንብቦ ቢሆን ኖሮ ስሙ ብቻ በበቃው፤ ያ ጌዴዎን በሦስት መቶ ሰው፣ በቀንደ መለከትና በማሰሮ ጩኸት የምድያምን ሰፈር ያተራመሰ ነው። ዊንጌትም እንደ ስሙ በሌሊት ይነካካል፣ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ይተኩሳል፣ በድምፅ ማጉያ ያስለፍፋል፤ የጎጃም አርበኞችም በዙሪያው አሉ። ዊንጌት "ብዙ ነን" ብሎ አልጻፈለትም። "ብዙ ናቸው" ያለው ራሱ ናታሌ ነው። ምሽጉን ለቆ ወደ ደምበጫ ወጣ። አለቆቹ ኋላ ሻሩት፤ እኔ ግን በደላሎች ተከብቤ ሳስበው አዘንኩለት። የልብስ ሰፊዬን ፊት ብታዩ እናንተም ታዝኑለት ነበር።

በማግስቱ ወደ ኋላ ተመልሼ እቴቴ ዘንድ ሄድኩ።

የሰው ቤት መግባት ራሱን የቻለ የትርጉም ሥራ ነው። መንገድ ሆዴን አበላሽቶታል፣ በእውነት መብላት አልቻልኩም። "እንጀራ ላቅርብ?" ሲሉኝ "አይ እቴቴ፣ በልቻለሁ" አልኩ። ቀረበ። የመጀመሪያው "አይ" ጨዋነት ነው፣ ማንም አይቆጥረውም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "በእውነት በልቻለሁ" አልኩ። ወጥ ተጨመረ፤ ሁለተኛው "አይ" ሲግደረደር ነውና። በመጨረሻ "እቴቴ፣ ሆዴን አሞኛል" ብዬ እውነቱን አፈረጥኩት። ባለቤታቸው ከመደቡ ላይ "እንግዲያስ መድኃኒቱ አለ" አሉና አረቄ ቀዱልኝ። በሞቴ ተባልኩ፣ አፈር ስሆን ተባልኩ፣ ጎረስኩ። እውነት መናገር በዚህ ቤት ሦስተኛው የመግደርደር ደረጃ ብቻ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ የአጎቴን ልጅ ደርሶበታል። አዲስ አበባ በእንግድነት መጥቶ፣ ብዙ ዓመት አሜሪካ ኖሮ የተመለሰ ወዳጄ ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለቤቱ "ትበላለህ?" አለው። "አይ" አለ የአጎቴ ልጅ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "እሺ" አለና ሰሐኑን አነሣው። የአጎቴ ልጅ ሰሐኑን እንዳመለጠ አውቶቡስ በዓይኑ ሸኘው። ስንወጣ "ሰውየው ደህና ነው?" አለኝ። "ምን ሆነ?" ብለው "አንዴ ብቻ ጠይቆኝ!" አለ። እስከ ዛሬ ያ ሰው ጆሮው ላይ ችግር እንዳለበት ነው የሚያምነው።

ጎርሼ ሳበቃ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወደ በረት ወጣሁ። አንድ በሬ ብቻውን ቆሟል። የማውቀው ጥማድ ነበር፤ ሁለት ነበሩ።

"እቴቴ፣ የዚህ ጓድስ?"

"ምነው ልጄ! ቡሬን ሸጥነው አልኩህ እኮ።"

ለከተማ ልጆች ላስረዳ። ቡሬ ማለት ዝንጉርጉር በሬ ነው። ባላገር በሬውን በመልኩ ይጠራዋል። የእቴቴም በሬ ነጭና ጥቁር ስለሆነ ከወይፈንነቱ ጀምሮ ስሙ ቡሬ ነው። እኔም ልጅ ሳለሁ ከኋላው ተከትዬ "ና ቡሬ!" ብያለሁ። ሃያ ዓመት ከተማ ኖሬ ቡሬ ሲባል ካርታ ላይ ያለው ብቻ ትዝ የሚለኝ ሰው ሆኛለሁ።

ሳቅሁ። በረቱን ተደግፌ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። "በሬ ነው! በሬ ነው ለካ!" እያልኩ እቴቴን አቅፌ ሳምኳቸው። እቴቴ ዝም አሉ። ባለቤታቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉና "አዎ፣ በሬ ነው" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ "ዘንድሮ ማዳበሪያው..." ብለው ጀመሩና ተዉት። "እና አሁን በምን ታርሳላችሁ?" አልኩ፣ ለወግ ያህል። "ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገባን። እሱም አንድ ነው ያለው።" "ደግ አደረጋችሁ፤ መተባበር ጥሩ ነው" አልኳቸው። እቴቴ አንድ ጆንያ በርበሬ አሸክመው ሸኙኝ።

ይህን ታሪክ ስድስት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ ስስቅበት ከረምኩ። ሠርግ ላይ አወራሁት፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ሳይቀር፣ ሰልስቱ ሲወጣ አወራሁት። ጠበቃው፣ ደላሎቹ፣ "በሬ ነው ለካ!"፤ ሁሉም ይስቃል።

ከዚያ የኔታ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ መጡና እኔ ቤት አረፉ። የኔታ በልጅነቴ አንድ ክረምት ቅኔ ያስቆጠሩኝ መምህር ናቸው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው ከቅኔ ጋር ነው የሚነሣ። እኔ ግን ከሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና እልፍ ሳልል ክረምቱ አለቀ። ከዚያ ክረምት አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። የአንዱን ተማሪ ቅኔ ወርቁን አውጣ ተባልኩ። አወጣሁ፤ ያማረ ወርቅ ነበር፣ ሰማዩንም ምድሩንም የሚነካ። የኔታ "ይህ ከየት መጣ?" አሉኝ። "ከልቤ" አልኩ። "ልብህን ማን ጠየቀህ? ቃሉን ነው የጠየቅንህ" አሉና አስቀመጡኝ። ወርቅ የሚፈሰው ሰሙ ቀልጦ በተወው ጉድጓድ ልክ ነው፤ አንጥረኛ ይህን ያውቃል። ቅኔ በጉባኤ ሲያምር "ይበል!" ይባላል፤ ይህም ከዚያው ከማለት የመጣ ነው። እኔ ያን ቀን የተባልኩት ሌላ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ እኛ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የሰጠው ስም ሰምና ወርቅ ነው። ይህ ዓይነቱ አነጋገር ሳይያዙ ለመሳደብ፣ ገበናንም ለመሸፈን ይረዳል ይላል። ልክ ነው። ፈቺው ሲስት ምን እንደሚሆን ግን የኔታን ነው መጠየቅ።

ታሪኬን አወራሁላቸው፤ በሁሉም ድምፅ፣ የደላላውንም የአማቴንም አስመስዬ። የኔታ አልሳቁም።

"ሰሙ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ቤቷ።"

"ወርቁስ?"

"በሬው።"

"አይደለም። ቤት የሚል ከቃላቸው ውስጥ የለም፤ እሱ የአንተ ፍርሃት ነው። ሰሙ በሬው ነው። ወርቁን የት ጣልከው?"

ዝም አልኩ። በዚያ ሰዓት ማለት የምችለው እሱን ብቻ ነበር።

"ቡሬን ሸጥነው ብለው አላቆሙም አልክ። ምን አስከተሉ?"

"ምን እናድርግ ልጄ፣ ጊዜው እንዲህ ሆነ።"

"አንተስ ምን መለስክ?"

"መስመሩ ተቆረጠ።"

"ኋላ በአካል ስትሄድስ? ስለ ማዳበሪያው ጀምረው ሲተዉት፣ ስለ መቀናጆው ሲነግሩህ?"

"መተባበር ጥሩ ነው አልኩ።"

የኔታ የታመመ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ገበሬ ሊያርስ በደረሰበት በግንቦት ከጥማዱ አንዱን ሸጦ ማዳበሪያ ገዛ። አሮጊቷ ሦስት ጊዜ ስልክ አስጮሁልህ። የበሬ መልክ ሊያስጠኑህ መሰለህ?"

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያልተወረወረውን ቀልቤ፣ የተወረወረውን አሳልፌአለሁ። የማንኩሳው ልጅ ለዚህኛው ምን ስም እንደሚሰጥ አላውቅም፤ በጎ ስም እንደማይሆን ግን ኢንፈር አደርጋለሁ።

ጠዋት ደወልኩ። እንዴት ባጁ፣ እንዴት ባጀህ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ እዚያ ላይ ድምፄ ተሰበረ። እንደ ጉዱ ካሣ ሆኜ በቀጥታ ገባሁበት።

"እቴቴ፣ ያን ጊዜ ቡሬን ሸጥነው ሲሉኝ ገንዘብ ላክልኝ ማለትዎ ነበር?"

"ኧረ በስማም! እኔ ገንዘብ ላክ ብያለሁ?"

"አላሉም።"

"አላልኩም እኮ!"

"አላሉም። ማለትዎ ነበር ወይ ነው ያልኩት።"

ዝም አሉ። ይህን ዝምታ በሆዴ ሳይሆን በጆሮዬ ልሰማው ሞከርኩ፤ ረጅም ነበር፤ ከበስተጀርባው በሬው ሲተነፍስ የሰማሁ መሰለኝ፤ መሰለኝ ነው የምለው።

"ጓዱ" አሉ እቴቴ በመጨረሻ፣ "ብቻውን ቆሞ ሲያዩት ያሳዝናል።"

ለወንድሞቼና ለእህቴ ደወልኩ። በዚያ ሌሊት ለጠበቃ ሊያወጡት ያሰቡትን ገንዘብ አስታወስኳቸው። በሳምንቱ ላክን።

አሁን በበረቱ ሁለት በሬ አለ። አዲሱ አመድማ ነው፤ እቴቴ ዳለቻ ብለውታል። ስልጤ ውስጥ ዳሎቻ የምትባል ከተማ እንዳለች አጣርቻለሁ። እዚያ ቤት የለንም።